የጋራ ግድግዳና የብቻ በር
የአዲስ አበባ ጉርብትና ታሪክና የከተሜው ብቸኝነት

መግቢያ

«ብቸኝነት የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል አነጋገር በአገራችን የተለመደ ነው። በዚህ አባባል መሠረት ሐበሻ በተፈጥሮው ሰው ወዳድ፣ ጎረቤቱን ጠያቂ፣ ቡናውን ለብቻው የማይጠጣ ሕዝብ ስለ ሆነ፣ በአራት ግድግዳ መካከል ከሰው ተለይቶ መኖር የሚደርሰው በባዕድ አገር ለሚኖር ብቻ ነው። ከዚህም ተከትሎ ሁለተኛ አባባል ይመጣል፤ ይኸውም ዛሬ በአዲስ አበባ የሚሰማው የብቸኝነት እሮሮ ከውጭ የገባ፣ ከዘመናዊነት ጋር ተያይዞ የመጣ፣ ነባሩን ባሕል ያጠፋ ነገር ነው የሚለው ነው።

ይህ ጸሐፊ በሁለቱም አባባሎች አይስማማም። የማይስማማበትም ምክንያት ከሙያው የሚመነጭ ነው። መሐንዲስ አንድ ሕንጻ ቆሞ ሲያይ «በተፈጥሮው ጠንካራ ነው» ብሎ አያልፍም፤ ጭነቱ በምን እንደሚወርድ፣ ምን ምኑን እንደ ተሸከመ ይጠይቃል። ስለ አዲስ አበባ ጉርብትናም መጠየቅ የሚገባው ይኸው ነው። ጉርብትናው ከሰማይ የወረደ ወይም ከደም ጋር የተወረሰ አይደለም። በየዘመኑ በሰዎች ብልሃት ተሠርቶ፣ በግድግዳና በአጥር፣ በውኃ ቦኖና በእድር መዝገብ ተደግፎ የቆመ ነው። ተሠርቶ የቆመ ነገር ደግሞ ድጋፉ ሲነሣ ይወድቃል፤ በጊዜ ከታሰበበትም እንደ ገና ይሠራል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን ብቻን መሆን ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ነው። ባሕታዊው ወደ ዋሻ፣ ወደ በረሃ ሲወርድ ፈቅዶ ነው። ይሁን እንጂ ባሕታዊውም ቢሆን ፈጽሞ ከሰው የተቆረጠ አይደለም፤ መቁነኑን የሚያደርስለት የገዳም ማኅበር፣ በረከቱን ሽቶ ወደ በኣቱ የሚወጣ ገበሬ፣ ባረፈም ጊዜ ዐፅሙን የሚያነሣ ወንድም አለው። ይህ ብሕትውና ነው። ብቸኝነት ግን ሌላ ነው፤ ሰው ሳይፈቅድ፣ ሰው በሞላበት መካከል፣ መኖሩንም መሞቱንም የሚያውቅ ሲታጣ የሚደርስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሠየመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዘገባ ከዓለም ሕዝብ ከስድስት ሰዎች አንዱ በዚህ በሁለተኛው እንደሚጠቃ አስታውቋል። እንግዲህ ጉዳዩ የፈረንጅ ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ከሰፈራ ወደ ሰፈር

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስም ባወጡላት ጊዜ ከተማ ሳትሆን የጦር ሰፈር ነበረች። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ይህን ይመሰክራል፤ ሠራዊት በዘመቻ ላይ ድንኳኑን ተክሎ የሚያርፍበት ማለት ነውና። ቤተ መንግሥቱ በጉብታው ላይ ሲሠራ መኳንንቱ በዙሪያው ቦታ ተመሩ፤ እያንዳንዱ መኰንን በተመራው ቦታ ላይ እልፍኙንና አዳራሹን ሠራ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ባለሟሉ እንደየማዕረጉ በጌታው ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። የራስ ካሳ ሰፈር፣ የደጃች ውቤ ሰፈር፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ቅርሶች ናቸው። በሥራቸው ወይም በመጡበት አገር የተሰባሰቡትም የየራሳቸው መንደር ነበራቸው፤ ሠራተኛ ሰፈርና ዶርዜ ሰፈር ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ።

በዚህ አሰፋፈር ውስጥ ሰው ብቻውን ሊሆን አይችልም ነበር። እያንዳንዱ የአንድ ጌታ ሰው ነው፤ ጌታው ያበላዋል፣ ይዳኘዋል፣ ሲሞትም ያስቀብረዋል። ነገር ግን ይህ ትስስር ከላይ ወደ ታች የሚወርድ እንጂ ከጎን ወደ ጎን የሚዘረጋ አልነበረም። ሁለት ጎረቤታሞች የሚገናኙት በጌታቸው በኩል ነው። ጌታ የሌለው መንገደኛ ግን በከተማዋ ውስጥ ማንም አልነበረም ማለት ይቻላል።

የአሮጌው አሰፋፈር ምሰሶዎች አንድ በአንድ መነቃነቅ የጀመሩት ወዲያው ነው። በ1900 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ደንብ ቦታ በግል እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና እንዲለወጥ በር ከፈተ። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ ሲደርስ ዕቃና ሰው እንደ ልብ መመላለስ ጀመረ። መሥሪያ ቤቶች ተቋቋሙ፤ ደመወዝ የሚባል ነገር ተለመደ። በደመወዝ የሚኖር ሰው ደግሞ ጌታ አያስፈልገውም፤ ጌታም የለውም። እነሆ በዚህ ጊዜ በአዲስ አበባ ታሪክ ውስጥ አዲስ ዓይነት ሰው ብቅ አለ፤ እርሱም ከሩቅ አገር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ዘመድ የሌለው፣ የማንም ያልሆነ ሠርቶ አዳሪ ነው። ስለዚህ ብቸኝነት ወደ ከተማችን የገባው ትናንት በፎቅ ቤት አይደለም። ከተማዋ በእውነት ከተማ መሆን ከጀመረችበት ቀን ጀምሮ አብሯት የኖረ ነው።

እድር፦ የእንግዶች ብልሃት

ለዚህ ሰው ትልቁ ፍርሃት ምን ነበር? ረሃብ አልነበረም፤ ሰው አገር ማለት ነው፣ አንድ እንጀራ አይጠፋም። ትልቁ ፍርሃት ያለ ቀባሪ መሞት ነበር። በገጠር ሰው ሲሞት አገሩ ሁሉ ይወጣል። በከተማ ግን የሚወጣው ማን ነው?

የዚህ ጥያቄ መልስ እድር ነው። እድር ከገጠር ተጭኖ የመጣ ጥንታዊ ሥርዓት ነው ብለው የሚገምቱ ብዙዎች ናቸው። ነገሩን በቅርብ የመረመሩ አጥኚዎች አብዛኛዎቹ የሚያስረዱት ግን ዛሬ በምናውቀው መልኩ፣ ማለትም በመዝገብ፣ በወርኃዊ መዋጮና በተጻፈ ደንብ የሚመራው እድር፣ የከተማ ልጅ መሆኑን ነው። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በከተማ ሠርተው በሚያድሩ ሰዎች ዘንድ ታየ፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ጊዜና ከዚያም ወዲህ ተስፋፋ። በወረራው ጊዜ ኢጣልያኖች ነጩንና ሀበሻውን በየፊናው የሚለይ የከተማ ፕላን አውጥተው ገበያውን ወደ ምዕራብ ሲገፉ ብዙ ሕዝብ ከነበረበት ተነሥቶ በማያውቀው ጎረቤት መካከል ገባ። የማይተዋወቁ ሰዎች በተከማቹበት ቦታ ሁሉ እድር መብቀሉ እንግዲህ የሚያስደንቅ አይደለም። የሰፈር እድር፣ የአገር ልጆች እድር፣ የመሥሪያ ቤት እድር፣ የሴቶች እድር እየተባለ ቅርንጫፉ በዛ።

የእድርን አሠራር እንደ አንድ መሣሪያ ብንመረምረው ጥበቡ ይገለጥልናል። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሳህንና ብርጭቆ አለው። ሞት ሲደርስ ጡሩምባ ነፊው በሌሊት በየመንገዱ ዞሮ ይለፍፋል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ሴቶቹ ንፍሮውንና ወጡን ያሰናዳሉ፤ ወንዶቹ ሌሊቱን በድንኳኑ ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ ከኀዘንተኛው ጋር ያድራሉ። ከሁሉ በላይ የሚያስተውሉት ነገር ግን ስም ጥሪው ነው። ቀብር ያልወጣ አባል መቀጫ ይከፍላል።

ስም ጥሪውን ጠንክረን እንመልከተው። የውጭ አገር ሰው ቢሰማው ሊስቅ ይችላል፤ በመቀጫ የሚገኝ ኀዘን ምን ዓይነት ኀዘን ነው ሊል ይችላል። ይሁንና የእድር መሥራቾች የሰውን ጠባይ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ለማያውቀው ሰው ቀብር ከሥራው ቀርቶ የሚወጣ ሰው ጥቂት መሆኑን ተረድተዋል። ስለዚህ የሰው መገኘት ለደግነት ብቻ እንዲተው አላደረጉም፤ ግዴታ አደረጉት። ደግነት የጎደለበትን ደንብ ሞላው። ከጊዜ በኋላም ደንቡ ራሱ ደግነትን ወለደ፤ በመቀጫ ፍርሃት ወጥቶ በድንኳን ውስጥ ሦስት ሌሊት አብሮ ያመሸ ሰው በአራተኛው ቀን ጎረቤቱን በስሙ ጠርቶ ሰላም ይለዋል።

ጀርመናዊው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ጌዮርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1903 ስለ ትላልቅ ከተሞች ባሳተመው ድርሰት፣ የከተማ ሰው የሚያልፍ የሚያገድመው ስለሚበዛበት ራሱን ለመከላከል ልቡን ይቆጥባል፣ ከሰው ይሸሸጋል ሲል አትቶ ነበር። የዚያን ዘመን የበርሊን ሰው ለከተማ ግርግር ያገኘው መከላከያ ዝምታ ከሆነ፣ የአዲስ አበባ ሰው ያገኘው ስም ጥሪ ነው። ሁለቱም ዘመናዊ መልሶች ናቸው። የእኛው ከእነርሱ የሚለየው ኋላ ቀር ስለ ሆነ አይደለም፤ ሌላ ብልሃት ስለ ሆነ ነው።

የግቢው ኑሮና ዋጋው

ከእድሩ ጋር ጎን ለጎን ጉርብትናውን የተሸከመው ሁለተኛው ነገር የቤቱ አሠራር ነበር። ከወረራው በኋላ የከተማዋ ሕዝብ በፍጥነት ሲጨምር ቦታ ያላቸው ሰዎች በግቢያቸው ውስጥ የጭቃ ቤቶችን በተርታ እየሠሩ ያከራዩ ጀመር። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ ባሕር ዛፍ ይተከላል፣ በማገር ይታሰራል፣ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረጋል፣ ቆርቆሮ ይመታበታል። አንዱ ግድግዳ ለሁለት ቤት ያገለግላል። ማድ ቤቱ አንድ ነው፤ መጸዳጃው አንድ ነው፤ የግቢው በርም አንድ ነው። ውኃ የሚቀዳው ከግቢው ቧንቧ ወይም ከመንገዱ ቦኖ ነው።

ይህ አሠራር ከድኅነት የመጣ እንጂ ማኅበራዊ ኑሮን ለማጠንከር ታስቦ የተነደፈ አልነበረም። ውጤቱ ግን ሰዎች በቀን ብዙ ጊዜ ሳያስቡት እንዲገናኙ ማድረጉ ነው። ውኃ ለመቅዳት ወረፋ የያዘች ሴት የማንኛዋ ልጅ እንደ ታመመ ሳትሰማ አትመለስም። እንጀራ የሚጋገርበት ተራ በሳምንት የታወቀ ስለ ሆነ፣ ተራዋ ደርሶ ከማድ ቤት ያልታየች ባልቴት «ምን ሆና ይሆን?» ትባላለች። ቡናው ከተቆላ ጭሱ ራሱ ጎረቤት ይጠራል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ይዳረሳል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት በዚህ ግቢ ውስጥ ምክር ሳይሆን የዕለት ተዕለት እውነት ነበር።

ሆኖም ይህን ኑሮ በናፍቆት ብቻ ማውሳት ታሪክን ማጣመም ይሆናል። የጋራ ግድግዳ የባልና የሚስትን ጠብ ለጎረቤት ያሰማል። በአንድ ክፍል ስድስት ሰባት ሆነው የሚያድሩ ሰዎች፣ ደባል ከባለቤት ጋር ተጨምሮበት፣ ለብቻ የማሰቢያ አንዲት ሰዓት አያገኙም። ተማሪ መጽሐፉን ይዞ ከመንገድ መብራት ሥር የሚያነበው የመብራት እጦት ብቻ አስገድዶት አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ ዝምታ ስለሌለም ነው። ያለ ባል የምትኖር ሴት ማን ገባ ማን ወጣ እየተባለ ትቆጠራለች። ያላገባ ጎልማሳ፣ ሃይማኖቱ ወይም አነጋገሩ ከሰፈሩ የተለየ ሰው፣ በሕዝብ መካከል እየኖረ ብቸኛ ሊሆን ይችላል። በአጭሩ የግቢው ኑሮ ብቸኝነትን ሲያሳንስ ብሕትውናንም ከልክሏል። የራሴ በር፣ የራሴ ቧንቧ የሚለው ምኞት ከስስት የመጣ አይደለም፤ ከዚህ ጥበት የተወለደ ተገቢ ምኞት ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ቀጥሎ የሆነውን ሊረዳ አይችልም።

የቀበሌው ዘመን

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑት የኪራይ ቤቶችን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ተሰጡ። የኪራዩም ዋጋ ተቀነሰ። በዚህ አዋጅ ባለቤትና ተከራይ የነበሩ ጎረቤታሞች በአንድ ቀን በማዕረግ ተካከሉ፤ ተከራዩም የመባረር ስጋቱ ስለ ቀነሰ በአንድ ቤት ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚኖር ነዋሪ ሆነ። በአንድ ግቢ አብሮ ማርጀት፣ የጎረቤትን ልጅ ከክርስትናው እስከ ሠርጉ ማየት የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ኪራዩ ቤቱን ለማደስ አልበቃም፤ የጭቃው ቤት እየዘመመ፣ ሕዝቡ ግን እየበዛ ሄደ። በ1976 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 1.4 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ደርሷል።

ያው ቀበሌ ግን ሌላም ፊት ነበረው። የኅብረት ሱቁን ስኳር የሚያድለው፣ የሰፈሩን ሰው በስሙ የሚያውቀው መዋቅር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የመሰለልና የማሰር ሥልጣን ነበረው። ጎረቤትን በቅርብ ማወቅ በረከት መሆኑ ቀርቶ አደጋ ሆነ። ከሰዓት እላፊ በኋላ የግቢ በር ሲንኳኳ ሁሉም መብራቱን አጥፍቶ ያዳምጣል። ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ብዙ ወላጆች እንዳያለቅሱና ድንኳን እንዳይተክሉ ተከለከሉ። የጡሩምባው ድምፅ ሳይሰማ፣ ስም ሳይጠራ፣ ጎረቤት ሳይሰበሰብ የታለፈው ያ ኀዘን በአዲስ አበባ ታሪክ ውስጥ ጥልቁ ብቸኝነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያን ጊዜ ሰዎች በአንድ ግድግዳ ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር። ቅርበት ብቻውን ጉርብትና አለመሆኑን፣ መተማመንም እንደሚያስፈልግ የሚያስተምረን ይኸው ነው።

እድሮች ግን አልጠፉም። በ1990ዎቹ የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በየቤቱ ሲገባ፣ ከመቅበር አልፈው የታመመውን ማስታመም፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትን መርዳት የጀመሩ ብዙ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ሰው መሰብሰብ በተከለከለ ጊዜም፣ ከተማዋ ለቅሶ ያለ ድንኳን ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ በአጭሩ አየችው።

የብቻ በር

በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ የከተማዋን መልክ ከየትኛውም ዘመን ይልቅ ለውጧል። ምድር ላይ አራት ፎቅ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ተገጣጣሚ ጨረርና ብሎኬት፣ ደረጃው አብዛኛውን ጊዜ ክፍት የሆነው ሕንጻ በጀሞ፣ በጎተራ፣ በልደታ፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ተዘረጋ። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ስሙን ማስመዝገቡ የቤት ናፍቆቱን መጠን ያሳያል። ለአንድ ቤተሰብ የራሱን መጸዳጃ፣ የራሱን ቧንቧ፣ የራሱን ማብሰያና የሚቆለፍ በር መስጠት ለሙያችን ኩራት እንጂ ኀፍረት አይደለም።

ነገር ግን ሒሳቡን በሌላ ዓይን እንመልከተው። የጋራ ቧንቧው፣ የጋራ ማድ ቤቱ፣ የጋራ በሩ፣ አሮጌውና የሚተዋወቀው ነዋሪ፣ ቅርቡ እድር፤ እነዚህ አምስቱ የጉርብትና ተሸካሚዎች ነበሩ። አዲሱ አሠራር አምስቱንም ባንድ ጊዜ አነሣቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በቤቱ ንድፍ ተነሡ። አራተኛውን ዕጣው አነሣው፤ በዕጣ የሚከፋፈል ቤት ፍትሐዊ ቢሆንም ከአራቱም ማዕዘን የመጡ የማይተዋወቁ ሰዎችን በአንድ ደረጃ ላይ ያስቀምጣልና። ዕጣ የወጣላቸው ብዙዎችም ቤቱን አከራይተው ሌላ ቦታ ይኖራሉ፤ ተከራዩ ደግሞ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ይነሣል። አምስተኛውን ርቀቱ አነሣው። ከልደታ፣ ከአራት ኪሎና ከአራዳ አሮጌ መንደሮች ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳርቻ የሄዱ ሰዎች ከቀድሞ እድራቸው አልወጡም፤ ዘመድ ሲሞት ሁለት ታክሲ ለውጠው ይሄዳሉ። ጎረቤታቸው ሲሞት ግን ላያውቁ ይችላሉ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲነሡ ይህ ታሪክ እንደ ገና ተደግሟል።

የፕላኑ አዘጋጆች ይህን ፈጽሞ አላሰቡም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። በየሳይቱ በግ የሚታረድበት፣ ድግስ የሚደገስበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና ለቅሶ የሚቀመጥበት የጋራ መገልገያ ሕንጻ ተሠርቷል። አሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ሕንጻው ለብዙ ብሎኮች አንድ ሆኖ ከብዙዎቹ ስለሚርቅ፣ ማን እንደሚያስተዳድረው በጊዜው ስላልተወሰነ፣ ዘግይቶ የተጠናቀቀም ስላለ፣ በአንዳንድ ቦታ ተዘግቶ ወይም ለገቢ ሲባል ተከራይቶ ይታያል። በአራተኛው ፎቅ የምትኖር ባልቴት በርበሬዋን ለማስጣት ያን ሁሉ ደረጃ ወርዳ መንገድ አቋርጣ አትሄድም፤ በመተላለፊያው ላይ ታሰጣዋለች። ሳይቶቻችንን ሲዞር ይህ ጸሐፊ ያስተዋለውም ይህንኑ ነው፤ ሰው የሚገናኘው ፕላኑ «መሰብሰቢያ» ብሎ በጻፈበት ቦታ ሳይሆን ደረጃው በሚታጠፍበት፣ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን በሚሰለፍበት፣ ድንኳን በሚተከልበት የመኪና ማቆሚያ ላይ ነው።

ለአረጋውያን ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ ጉልበቱ የደከመ ሰው ወርዶ ለመውጣት ስለሚፈራ ሳምንት ሙሉ አይወርድም። ግቢ ውስጥ ቢሆን ኖሮ በር ላይ ዱካ አድርጎ ፀሐይ ይሞቅ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «እንደምን አደሩ አባባ» ይለው ነበር። ከፎቅ ላይ ያለው ሰው መስኮት እንጂ በር የለውም ማለት ይቻላል።

የጃፓን ተሞክሮ

ነገሩ ወዴት ሊያመራ እንደሚችል ከእኛ ቀድመው በዚህ መንገድ የሄዱት ያሳዩናል። ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቤት ችግሯን ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ1955 የቤቶች ኮርፖሬሽን አቋቁማ፣ ባለ አራትና ባለ አምስት ፎቅ የአርማታ ሕንጻዎችን በሰፊው ሠራች። በቶኪዮ አጠገብ በማትሱዶ ከተማ ያለው ቶኪዋዳይራ እ.ኤ.አ. በ1960 ነዋሪዎች የገቡበት አንዱ ነው። ያን ጊዜ ወጣት ባልና ሚስት በዕጣ የሚሻሙበት፣ የዘመናዊ ኑሮ ምሳሌ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ግን በዚሁ መንደር አንድ አረጋዊ በቤቱ ውስጥ ከሞተ ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ ተገኘ። ኪራዩ ከባንክ ሒሳቡ በራሱ ጊዜ ይከፈል ስለ ነበር፣ ገንዘቡ እስኪያልቅ ድረስ የፈለገው ሰው አልነበረም። ጃፓኖች «ኮዶኩሺ» ይሉታል፤ የብቸኛ ሞት ማለት ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ጃፓንም በ2021 ለብቸኝነት ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሾም ደርሰዋል።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው ቀጥሎ የሆነው ነው። የቶኪዋዳይራ ነዋሪዎች ማኅበር መንግሥትን ብቻ አልጠበቀም። ብቻቸውን የሚኖሩትን መዘገበ፤ የሚጠይቃቸው ሰው መደበ፤ ቡና የሚጠጣበትና ሰው የሚጫወትበት ክፍል ከፈተ። እነርሱ ከመከራ በኋላ ያገኙት መላ እኛ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የፈጠርነው ነው። እኛ ከእጃችን እንዳይወድቅ የምንፈራውን እነርሱ ከምድር አንሥተውታል።

የመሐንዲሱ ድርሻ

ጭነት ተሸካሚ ግድግዳ ማፍረስ የተከለከለ አይደለም። ግድግዳውን ከማንሣቱ በፊት ግን ማንኛውም ልምድ ያለው ፎርማን ፑንቴሎ ያቆማል፤ ከዚያም ጭነቱን የሚቀበል ጨረር ያስገባል። በመኖሪያ ቤት ሥራችን ግን የጋራ ቧንቧውንና የጋራ በሩን ስናነሣ ያቆምነው ፑንቴሎ ጥቂት ነው። የጎደለው በጀት ብቻ አይደለም፤ የሰው መገናኘት በዕቃ ዝርዝራችን ውስጥ ረድፍ ስለሌለው ነው።

ሊደረግ የሚቻለው ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ርካሽ ነው። አንደኛ፣ ለብዙ ብሎኮች አንድ ትልቅ የጋራ ሕንጻ ከመሥራት ይልቅ በየደረጃው ሥር፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ በሚያልፍበት ቦታ፣ አንዲት ክፍልና አንድ አግዳሚ መቀመጫ ይሻላል። ሁለተኛ፣ አረጋውያንና ጉልበታቸው የደከመ በምድር ቤቱ እንዲያርፉ ማድረግ የዕጣውን ፍትሕ አያጓድልም። ሦስተኛ፣ አሮጌ መንደር ሲነሣ ነዋሪው በእድሩ ተቆጥሮ አንድ ላይ ቢዛወር መዝገቡም፣ ድንኳኑም፣ ስም ጥሪውም አብሮት ይሄዳል። አራተኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደረጃውንና ጣሪያውን ከመጠገን አልፎ ተከራዩንም የሚያቅፍ እድር ከጎኑ እንዲኖረው ማበረታታት ይገባል። ተከራይ ስለ ተከራየ ብቻ ያለ ቀባሪ መቅረት የለበትም፤ የመጀመሪያዎቹ እድርተኞች አብዛኞቹ ተከራዮች እንደ ነበሩ መርሳት አይገባም።

በአንዳንድ ሳይቶች ይህ ያለማንም ትእዛዝ ተጀምሯል። ነዋሪዎች በብሎክ እየተሰባሰቡ አዲስ እድር አቋቁመዋል፤ የጡሩምባ ነፊውን ሥራ በስልክ መልእክት ተክተዋል፤ ድንኳናቸውን በደረጃ ሥር አኑረዋል። አያቶቻቸው በጭቃ ቤት ሰፈር የሠሩትን የልጅ ልጆች በአርማታ ሕንጻ ላይ ይሠሩታል። ይህም ጉርብትና ተሠርቶ የሚገኝ ነገር መሆኑን ይመሰክራል፤ ሥራውም በየትውልዱ አዲስ መሆኑን።

የራስን በር መዝጋት መቻል ትልቅ ነጻነት ነው፤ አባቶቻችን ያላገኙት ነጻነት ነው። ነገር ግን ባሕታዊው እንኳ በኣቱን ዘግቶ በሰላም የሚጸልየው፣ ከውጭ መቁነኑን ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። የእኛም ሥራ ሁለቱንም መስጠት ነው፤ የሚዘጋ በር፣ በዚያም በር ላይ በሁለተኛው ቀን የሚያንኳኳ ጎረቤት። የመጀመሪያውን አጥንተን ችለነዋል። ሁለተኛው ገና በፕላናችን ላይ አልተሣለም።